ግራር ወይስ ቀርከሃ?

ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ሲደርስ አቶ ወልደሚካኤል ቆመው ይጠብቁ ነበር። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሐዲድ ጥገና ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወደ ጣቢያው ብቅ የሚሉት ጉዳይ ሲኖራቸው ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ጉዳያቸው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የቀርከሃ ችግኝ ነው። ግንዱ እንደ ወርቅ ቢጫ የሆነ፣ በባለጸጎች ግቢ ለጌጥ የሚተከል ቀርከሃ ሲሆን፣ ድሬዳዋ የሚኖር የቀድሞ ባልደረባቸው ከአንድ ፈረንጅ ግቢ ለምኖ የላከላቸው ነው።

ጆንያውን ሊሸከሙ ሲታገሉ ከባቡሩ የወረደ አንድ ወጣት ፈጠን ብሎ መጣና፣ «ይተዉት አባቴ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አላቸው።

ቀና ብለው ሲያዩት ክው አሉ። አያና ነበር፤ ከአካባቢው ገበሬዎች አንዱ የሆኑት የአቶ ኦልጅራ ልጅ። ከሟቹ ልጃቸው ከሳህሌ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጦ የተማረ ነው።

«አንተ አያና! እንዲህ ረዘምክ?»

«እግዜር ይመስገን። የእርሻ ትምህርቴን ጨርሼ እዚሁ ቅርብ ችግኝ ጣቢያ ተመድቤያለሁ። እርስዎ እንዴት ነዎት? እማማ አሰጋሽስ?»

ሳህሌም ቢኖር ይህን ያህል ይሆን ነበር ብለው አሰቡ። አሳቡን ግን እንደ ልማዳቸው ገፍተው ጣሉት።

«አሰጋሽ ደህና አይደለችም። ሳንባዋን ታማለች። ሐኪሙ ቀን ቀን ከቤት ወጥታ አየር እያገኘች ትተኛ ብሏል። ቤታችን ቆርቆሮ መሆኑን ታውቃለህ፤ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምድጃ ይግላል። ግቢው ደግሞ ጥላ የለውም። ይህን ቀርከሃ ያስመጣሁት ለእሷ ነው።»

አያና ጆንያውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ቅር አይበልዎትና አባቴ፣ ቀርከሃ ለዓይን ያምራል እንጂ ለታመመ ሰው ጥላ አይሆንም። ለጥላ ከሆነ ዛፍ ነው የሚበጅዎት…»

አቶ ወልደሚካኤል መንገዱ መካከል ቆሙ።

«ዛፍ የሚባል ነገር በእኔ ፊት አይነሳ! ልጄን የበላው ዛፍ ነው። ይህን አንተ ታጣዋለህ?»

አያና አላጣውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የሐምሌ ቀን፣ በአቶ ወልደሚካኤል ግቢ የነበረው ትልቅ ባሕር ዛፍ በነፋስ ተገርስሶ በማድ ቤቱ ላይ ሲወድቅ ሳህሌ እንጨት ሊያስገባ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሬሳውን ካወጡት ሰዎች አንዱ አያና ራሱ ነው። አባትዬው ከቀብር መልስ ምሳር አንስተው በግቢያቸው የቀረውን ዛፍ ሁሉ ጣሉ። ይህም አልበቃቸው። በእድራቸው የተከበሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩና «ልጆቻችሁን የምትወዱ ከሆነ ቁረጡ» ብለው ጎረቤቱን ለመኑ። ጎረቤቱም ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰፈር በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ብቻ ሆነ። ሐዘን የደረሰበትን ሰው ማንም አይከራከርምና ልክ አይደሉም ያላቸው አልነበረም።

ግቢው ሲደርሱ ወይዘሮ አሰጋሽ በቤቱ ግድግዳ ጥግ በጠባብ አልጋ ላይ ተኝተው ነበር። ፀሐይ በዞረች ቁጥር አልጋው የግድግዳውን ጥላ እየተከተለ ይገፋል። በዚያ ሰዓት ጥላው ከክንድ አይሰፋም፤ እግራቸው ፀሐይ ላይ ቀርቷል። አያናን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉለት። እሱም ጎንበስ ብሎ ሳማቸው፤ እጃቸው ትኩስ ነበር።

አቶ ወልደሚካኤል ከአልጋው አጠገብ አንድ ቦታ በእግራቸው ጠቆሙ።

«እዚህ ነው የምተክለው። በሁለት ክረምት ከቁመቴ ይበልጣል። እሾህ የለውም፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ቢወድቅም ሰው አይገድልም። ምኑ ላይ ነው የማይበጀው?»

«የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው» አለ አያና በትሕትና። «ፈጥኖ ያድጋል፤ ውበቱም አይካድም። ነገር ግን ቀርከሃ ቀጥ ብሎ ተጠጋግቶ የሚቆም ነው። እንደ አጥር ነፋስ ይከለክላል እንጂ እንደ ጃንጥላ አይዘረጋም። እማማ የሚፈልጉት ደግሞ ከላይ ጥላ፣ ከጎን ነፋስ ነው። ይህ ዓይነቱ ቀርከሃ በዚያ ላይ ሥሩ ከመሬት በታች እየተሳበ ይሄዳል። ዛሬ እዚህ ቢተክሉት የዛሬ ጥቂት ዓመት ከቤትዎ ወለል ሥር ይወጣል፤ የጎረቤትንም አጥር ይሻገራል። ሲጠቀጠቅ አይጥ ይራባበታል፤ አይጡን ተከትሎ እባብ ይመጣል።»

«የአንተስ ዛፍ ምንድን ነው?»

«ግራር ነው። አባቴ ላፍቶ ይለዋል። ይህ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል፤ ግራር ግን ለምዶታል። ሥሩ ጠልቆ ይገባል፤ ቅርንጫፉ ወደ ጎን ይዘረጋል። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ነፋስ ያሳልፋል። እሾህ የሚያስቸግረው በልጅነቱ ነው።»

«ስንት ዘመን ይፈጃል?»

«ሰው የሚያስጠልል እስኪሆን ዓመታት ይወስዳል፤ አልዋሽዎትም።»

አቶ ወልደሚካኤል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሰጋሽ ያን ያህል ዓመት የምትቆይ ይመስልሃል?»

አያና ወደ አልጋው ዞር ብሎ አየ። ወይዘሮ አሰጋሽ ዓይናቸውን ከድነው ነበር፤ ግን ሰምተዋል።

«ለእማማ ዳስ እንሠራለን» አለ አያና። «ነገ ከአባቴ ዘንድ እንጨትና ሣር አመጣለሁ። አራት ቋሚ ተክለን ከላይ ሣር ብናለብሰው፣ ጎኑን ክፍት ብንተወው፣ በአንድ ቀን ጥላ ያገኛሉ። ቀርከሃውን ሁለት ክረምት ለምን ይጠብቃሉ? ግራሩ ደግሞ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ይሁን።»

«ዳሱ ጥሩ አሳብ ነው። አልጠላሁትም» አሉ አቶ ወልደሚካኤል። «ዛፍ ግን እዚህ ግቢ አይቆምም። ዛፍ ከሃዲ ነው። ስትንከባከበው ኖረህ አንድ ቀን ያለ ምክንያት ይወድቅብሃል።»

ያን ጊዜ ወይዘሮ አሰጋሽ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አያና» አሉ፤ ሳል አቋረጣቸውና ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀጠሉ። «ያለ ምክንያት ነው የወደቀው? አንተ የዚያን ቀን ነበርክ። ሥሩን አይተኸዋል። ንገራቸው።»

«እማማ፣ እባክዎ ይህን ነገር…»

«ንገራቸው አልኩህ። እኔ ብዙ ጊዜ የለኝም።»

አያና ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሻሸው ጀመር። ሽማግሌውን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ሥሩ በምሥራቅ በኩል ተቆርጦ ነበር» አለ። «በአጥሩ በኩል ያለው ሥር ሁሉ። ነፋሱ የመጣው ከዚያው ወገን ስለነበር ዛፉን የሚይዘው ነገር አልነበረም።»

«በምን ነው የተቆረጠው?» አሉ አቶ ወልደሚካኤል።

«በምሳር ይመስላል። ቁስሉ ጠቁሮ ነበር፤ ቆየት ያለ ነው።»

ሽማግሌው ወደ አጥሩ ዞረው አዩ። በምሥራቁ አጥር በኩል የሚያልፈውን ቦይ የቆፈሩት እሳቸው ናቸው። የክረምቱ ጎርፍ ቤቱን እንዳያርሰው ብለው፣ ከሐዲዱ ዳር እንደሚቆፍሩት አድርገው፣ ቀጥ ያለና ጥልቅ ቦይ አወጡ። ክንድ የሚያህል ሥር አቋርጦ ቢያስቸግራቸው ምሳር አምጥተው በየተራ ቆራረጡት። ሲጨርሱም በቦይው ማማር ደስ ብሏቸው እንደነበር ትዝ አላቸው።

የአልጋውን ጠርዝ ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«አሰጋሽ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። የተቆረጠውን ሥር እኔም አይቼዋለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ዛፉን ሲረግሙ እሰማ ነበር። እርግማኑ ማረፊያ ይፈልግ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ዛፍ ሲረግሙት አያለቅስም። አሁን ግን እኔ ከሄድኩ የሚነግርዎት የለም። ሰፈሩ በአንቱ ቃል ዛፉን ጨርሷል። በየግቢው ያለው ሕፃን በፀሐይ ይጠበሳል። ቦይ የሚቆፍረው ግን ዛሬም በፈቀደው ቦታ ይቆፍራል፤ ምክንያቱን ማንም አያውቅማ። ልጃችንን ያሳጣን ክፋት አይደለም፤ አለማወቅ ነው። ይህን አለማወቅ ለሰው ልጅ አናውርስ።»

ሽማግሌው ተነሥተው ከግቢው ወጡ። አያና ሊከተላቸው ሲል ወይዘሮ አሰጋሽ ክንዱን ያዙት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሽማግሌው በሐዲዱ ዳር ሲመላለሱ ያዩዋቸው ሰዎች አሉ።

ሲመለሱ አያና አልጋውን ወደ ግድግዳው ሌላ ጎን አዛውሮ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

«ከቤቱ ምን ያህል ይራቅ?» አሉት።

«ምኑ አባቴ?»

«ግራሩ።»

አያና ቦታውን በእርምጃ ለክቶ አሳያቸው፤ ዛፉ አድጎ ቢወድቅ እንኳ ጫፉ ጣሪያ የማይነካበት ቦታ ነበር። ከሥሩ አጠገብ ቦይ እንዳይወጣ፣ ጎርፉም በሌላ በኩል ዞሮ እንዲያልፍ ተመካከሩ። ቀርከሃው ግን አልተጣለም። «እያንዳንዱ ተክል የሚበጅበት ቦታ አለው» ብሎ አያና በሰፈሩ ጥግ ወደሚያልፈው ወንዝ ወሰደው። ጎርፍ በሚሸረሽረው ዳርቻ ላይ አብረው ተከሉት፤ ያ የሚሳበው ሥሩ እዚያ አፈሩን ይዞ ያቆማል።

ዳሱ በማግስቱ ተሠራ። ወይዘሮ አሰጋሽ ያንን በጋ በነፋሻው ጥላ ሥር አሳለፉ። ሳሉ ባይለቃቸውም ቀኑን ሙሉ እንደ ቀድሞው በላብ አይዘፈቁም ነበር። ክረምት ሲገባ ግራሩ ሲተከል ከአልጋቸው ሆነው አዩ። ሌላ ክረምት አላዩም።

አቶ ወልደሚካኤል በእድሩ ስብሰባ ተነሥተው ባሕር ዛፉ ለምን እንደወደቀ በአጭሩ ተናገሩ። ከዚያ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ከችግኝ ጣቢያው ችግኝ ሊወስዱ የሄዱት ጎረቤቶች ብዙ ነበሩ። እሳቸውም በየግቢው እየዞሩ የሚተከልበትን ቦታ ያሳዩ ነበር። የማይሆን ቦታ የመረጠ ሰው ሲያጋጥማቸው አይቆጡም፤ ቦታው እስኪለወጥ ግን ከግቢው አይወጡም።

ዓመታት አለፉ። ሰፈሩ አቧራው ቀነሰ፤ በጠራራ ፀሐይ ይታመሙ የነበሩ ሕፃናት የሚጫወቱበት ጥላ አገኙ፤ የወንዙ ዳርም መናዱን ተወ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሺሐረግ የምትባል አዲስ ተከራይ፣ ደረቷን ይዛ እያሳለች፣ በአቶ ወልደሚካኤል በር ቆመች።

«አባባ፣ ቤቴ በጣም ይሞቃል። ከዛፉ ሥር ጥቂት ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል?»

ሽማግሌው ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ጠባቡን አልጋ እየጎተቱ አወጡና ጥላው መካከል ዘረጉላት።

«ተኝተሽ ነው የሚሻልሽ፤ ነፋሱ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው» አሏት። «ነገም ነዪ። እኔ ባልኖርም በሩ አይዘጋም።»