ባቡር ውስጥ ብድግ ማለት ክልክል ነው

የወንድሜ ሠርግ ዕለት ነው፤ ሚዜው ደግሞ እኔ! ከአቃቂ ወደ ለገሃር በባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ቲኬት ተቆጣጣሪው፣ ቆብ ያደረገ ቆፍጣና ሰውዬ፣ ፉርጎው መሃል ቆሞ «ባቡሩ እየሄደ ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው ቲኬቱን ተቀምቶ ቃሊቲ ላይ ይወርዳል! ደንብ ነው!» አለን። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቲኬታችንን እየተቀበለ ይበሳ ጀመር።

ትንሽ እንደሄድን ከሌላኛው ፉርጎ መቀመጫ ያጡ አንድ ሽበታም ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ኧረ እናንተ ሆዬ! ለእንዲህ ያለ አባት ሳይነሱ መቅረት እንዴት ይቻላል? ልነሳ እልና ሠርጉ ትዝ ይለኛል። መቀመጫዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀረሁ። ሁሉም እንደኔው አቀርቅሮ ቁጭ አለ። በዚህ መሃል አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ኖር! አባቴ ኖር!» አለ። ዞር ብል ተቆጣጣሪው ራሱ! ቆቡን አውልቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሽማግሌው «በእግዜር! ተባረክ፤ አንተስ ያሳደገህ አለ» አሉትና ወደ እኛ ዞረው «እነዚህን ግን ማን ይሆን ያሳደጋቸው?» አሉ። ይሄንንማ አልቻልኩም! እጄን ወደ ተቆጣጣሪው ዘረጋሁና «ጌታው፣ ባቡሩ እየሄደ ነው። ቲኬትዎን ያምጡና ቃሊቲ ላይ ይውረዱ!» አልኩት።

ፉርጎው በሳቅ አውካካ። ሰውዬው ቆቡን እንደያዘ እኔንም ሽማግሌውንም አየና «በሉ ተነሱ!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ሁላችን ባንዴ ተነስተን «ኖር!» ያልነው ለገሃር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።