አዞው እጇ ላይ የፈረመላት

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ሼሊ? አንቺ ነሽ ልጄ?... ደህና ነን፣ ደህና ነን። ቆይ መስኮቱን ልዝጋው፤ ይሄ የፍሎሪዳ ዝናብ ከሰዓት ሲሆን እንደ ቀጠሮ ነው የሚመጣው... አሁንስ ትሰሚኛለሽ?... እሰይ። ከመዝናኛ ፓርኩ ቀደም ብለን ወጥተን ሆቴል ገብተናል። እግርሽ እንዴት ነው? እብጠቱ ጎደለልሽ?... ተኚ። ሐኪም ተኚ ካለሽ ተኚ ነው፤ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ ከአልጋ እንዳትወርጂ። ልጆቹን ይዤልሽ የመጣሁት ለዚሁ አይደል እንዴ?

— ኮልተን? ተኝቷል፣ የኔ ጌታ። እያለቀሰ ነው እንቅልፍ የወሰደው... እነግርሻለሁ፣ አትቸኩይ። እኔም ልደውልልሽ ነበር።

— ያቺማ እዚሁ ናት። ጥግ ላይ ወንበር ሰጥቻት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። (አትዙሪ። አንቺን አይደለም የማናግረው።)... ቴሳ ናታ፣ ሌላ ማን አለ? የባልሽ ልጅ... ትስማ። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ስለ ራሷ ብትሰማ ምን ትሆናለች?

— ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ልጅሽ ከኦሃዮ ከተነሳን ጀምሮ ወሬው የፓርኩ ጭምብል ለባሾች ብቻ ነው። ሞንቲ ዝሆኑ ይፈርምልኛል፣ ልዕልቷ ትፈርምልኛለች፣ አዞው ይፈርምልኛል። እኔም ገና ከበሩ እንደገባን ትልቁን የፊርማ ደብተር፣ ሽፋኑ ወርቅማ የሆነውን፣ ከነወፍራም እስክሪብቶው ገዛሁለት... ለእሷ? እሷማ አባቷ የሰጣት የትምህርት ቤት ደብተር አላት። ወረቀት ወረቀት ነው፣ ምን ጎደለው?

— ታዲያ ተራችን ደርሶ ሞንቲ ዝሆኑ ያንን ግንድ የሚያህል ክንዱን ዘርግቶ ሊያቅፈው ሲመጣ፣ ኮልተን እሪ አለልሽ። እሪ ስልሽ ሰልፉ በሙሉ ነው የዞረው። ቀሚሴ ሥር ገብቶ ተሸጎጠ። እንዴት አይፈራ? የዝሆኑ ጭንቅላት ብቻ በር ያህላል። ለነሱ መናገር ክልክል ነው አሉ፤ ውስጥ ያለው ሰውዬ ወደ ኋላ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይለምናል። ያቺ ደግሞ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው፣ ከጎኔ ሹልክ ብላ ሄዳ አቀፈችው። ኩምቢውን ዳበሰችው። በዚያች በተጨማደደች ደብተሯ ላይ ፈረመላት፣ አበባም ጨመረላት። ሰዉ ሁሉ «አቤት ስታምር» ይላል። ልጅሽ ያለቅሳል፣ እሷ ትመሰገናለች።

— ክፋት ካልሆነ ምንድን ነው?... እሺ፣ ልጅነት በይው።

— ከዚያ በኋላም እንደዚያው ሆነ። እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ታስፈርማለች። የእሷ ደብተር ሲሞላ የሱ ባዶ። በመጨረሻ መላ መታሁ። የእሷን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና የኮልተንን ሰጠኋት። ከእንግዲህ የምትሰለፊው ለወንድምሽ ነው፣ ስምሽን ሲጠይቁሽም ኮልተን በያቸው አልኳት... ምን ትላለች? ደብተሩን ተቀብላ ሄዳ ተሰለፈች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኔና ልጅሽ ጥላ ሥር አይስክሬም እንልሳለን፣ እሷ ሰልፍ ላይ ናት... አጠጥቻታለሁ እንጂ፣ ምን አደረግሽኝ? ከኮልተን የተረፈውን የሎሚ ጭማቂ ጠጥታለች።

— ልዕልቷ ጋ ስትደርስ ቀረብ ብዬ ሰማኋቸው። ልዕልቷ ፊቷ ስላልተሸፈነ ታወራለች። ቀሚሷን ሰብስባ በርከክ አለችና «ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

— «ኮልተን» አለች። ልዕልቷ ሳቀች። «እውነትሽን ነው? ኮልተን ነሽ?» ብትላት፣ «አዎ፣ ኮልተን ነኝ» አለቻት፣ ፈገግ ሳትል። እኔማ በሳቅ ልሞት... ምን አልሽ?... ያስቃል እንጂ ምኑ ያሳዝናል?

— ጉዱ ያለው አዞው ጋ ነው። ከአዞው ጋር ቆማ ሰልፉን የምታስተናግድ አንዲት ወጣት አለች፤ ነገሩን ያበላሸችው እሷ ናት። አዞው «ለኮልተን» ብሎ ከፈረመ በኋላ፣ ላንቺስ አያስፈልግሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ያቺ ደግሞ ደብተሬን ወስደውብኛል አለች። ሌባ አድርጋኝ አረፈች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አዞው ይሄን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘና፣ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ «ለቴሳ» ብሎ ፈረመላት። ከሥሩ ጅራት ያለው ትንሽ አዞ ሣለላት። ክንዷን እንደተሰበረ እጅ አቅፋ ስትመጣ ብታያት... አዎ፣ ትስቃለች። እኔ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

— ልጅሽ አየውና እኔም እጄ ላይ ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ወደ አዞው ስወስደው ደግሞ እሪ። ምን ላድርግ? መጸዳጃ ቤት ይዣት ገብቼ ፊርማውን በሳሙና አጠብኩት... ቀለሙ እንቢ ሲለኝ በእርጥብ ሶፍት ፈተግኩት... ቀላ እንጂ አልደማም። አልደማም አልኩሽ። አላለቀሰችም እኮ። ጥርሷን ነክሳ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ሲወርድ ታያለች። የሚያለቅስ ልጅ ይገባኛል፣ ሼሊ። የማያለቅስ ልጅ ግን እኔን ያስፈራኛል።

— ቆይ፣ አላለቀም። ስንወጣ የኮልተንን እጅ ያዘች። እሰይ ልቦና ገዛች ብዬ ከኋላቸው ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ። ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ እንዲህ ስትለው ሰማሁ። «አዞው እውነት አይደለም። ውስጡ ሰውዬ ነው፣ ያልበዋል። ዝሆኑም ሰው ነው። የፈረሙትም ለኔ ነው። አንተን ማንም አላየህም።» እንደምታስተኛው ሁሉ እያባበለች ነው የምትነግረው። ልጁ ቆመ። ፊቷን አየ፣ ደብተሩን አየና ፏፏቴው ውስጥ ወረወረው። ያንን ሁሉ የተሰለፍንበትን... እሺ፣ የተሰለፈችበትን።

— እሷማ ቆማ ሲሰምጥ አየችው።

— የእሷ ደብተር? ከቦርሳዬ አወጣሁና እዚያው ውሃው ውስጥ ጨመርኩት። ፍርድ እንዲህ ነው።

— አሁን ስሚኝ። ይቺ ልጅ እቤትሽ እያለች ሕፃን አታሳድጊም። የሟች እናቷ እናት ኬንተኪ አለች አይደል? ትውሰዳት። ልጇ የሞተችባት ሴት ናት፣ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ባልሽ ዌድ እንቢ ካለሽ አትጨቃጨቂው። ሆድሽን ይዘሽ ዝም ብለሽ አልቅሺ። ልቡ ቅቤ ነው፣ እንባ አይችልም...

— ቆይ፣ የወንድ ሳል ሰማሁ። ማነው?

— ሼሊ፣ አጠገብሽ ማን አለ?... የስልኩን ድምፅ ለቀሽው ነው የምታወሪኝ? ከመቼ ጀምሮ?... ከመጀመሪያው። እሺ... እሺ።

— ዌድ? እንደምን ዋልክ ልጄ?... እኔ እንግዲህ ሙቀቱ ነው፣ ድካሙም አለ፣ የአሮጊት አፍ ደግሞ ታውቀዋለህ። እጇን ቅባት እቀባላታለሁ። መቼም አባት ነህና ብትቆጣኝ አልፈርድብህም...

— ምን አልክ?... እስቲ ድገምልኝ፣ ዝናቡ ነው።

— እስከ ገና በዓል ኬንተኪ አያቷ ጋ?... ከዚያ በኋላስ?... ነግረሃቸዋል? መቼ?... እኛ ከኦሃዮ ሳንነሳ። እንዲህ ነው እንዴ? እኔ እኮ ልጅቷ ከወንድሟ ጋር ትደሰት ብላችሁ የላካችኋት መስሎኝ ነበር... ክፍሏን? አሁን? ለሕፃኑ ቀለም እየቀባህ ነው?

— አይ፣ ምንም አላልኩም። የጠየቅኩትም ይሄንኑ አይደል። ደስ ብሎኛል... ከዚህ በቀጥታ ነው የምትሄደው? ልብሷስ?... ሰብስበህ ልከህላታል። እሺ።

— እኔ እንድነግራት ነው የምትፈልገው?

— ዌድ፣ ስምህን ስጠራ ሰምታ ተነስታለች። አጠገቤ ቆማለች፣ እጇን ዘርግታ። ላገናኝህ?... አንድ ቃል ብቻ... እንዴት ዋልሽ በላት፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ... አላውቅም፣ ምን ልበላት?

— እሺ... እሺ አልኩህ።

— (አባትሽ አይደለም። እጅሽን አውርጂ... ሼሊ ናት፣ አባትሽ ሥራ ላይ ነው... ዌድ ብዬ ጠራሁ? አፌ ላይ መጥቶብኝ ነው። ሂጂ ወንበርሽ ላይ... ወንበሩን ተዪው። አልጋው ላይ ተቀመጪ።)

— ሰማህ? እንዳልከኝ ነግሬልሃለሁ።

— ሄሎ?... ዌ... ሄሎ?

— (ዘጋው... ሼሊን ማለቴ ነው። ዘጋችው።)