በቅሎዋ አጠገቡ ቆማ

ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ጌም ሲጫወት ቆይቶ ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለው። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ዞር አሉ።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

«ይሄ ጌም አቃጠለኝ አባባ። ውስጡ ሰፊ አገር ነው፣ የሠሩት ሰዎች እንዳሻችሁ ዙሩ ይላሉ። ከመንገድ ወጥቼ ገደል ስወርድ የጠፋች በቅሎ አገኘሁ። ለባለቤቱ ወሰድኩለት።»

«ደግ አደረግክ።»

«ምን ደግ አለው! እሷ አጠገቡ ቆማ ‹በቅሎዬ ገደል ገብታለች፣ ፈልግልኝ› ይለኛል።»

«ሰውዬው ዓይኑ አያይም?»

«ያያል። ግን እሱ ሳይልከኝ ስላገኘኋት አይቆጠርልኝም።»

«በል እዚያው መልሳትና እንደገና አምጣት።»

«መለስኳት እኮ! ገደሉ ጋ ስንደርስ መሬቱ ዋጣት። አሁን ጆሮዋ ብቻ ነው የሚታየው።»

«እግዚኦ!»

«እሱ አሁንም ‹ፈልግልኝ› ይላል። ሁለተኛ ሳልላክ ከመንገድ ንቅንቅ አልልም!»

«ታዲያ ያን ሁሉ አገር ለምን ሠሩት?»

«እኔስ መች ገባኝ!»

ጽጽቃ ስንወርድ መንገድ ዳር የታሰረች በቅሎ አየሁና፣ ሳላስበው ዓይኔ ወደ እግሮቿ ሄደ።