ራስጌዬ ማርያምን የጠራልኝ

ልጄ ሆዴ ውስጥ በአግድም ስለተኛች በቀዶ ጥገና እንድወልድ ቀን ተቆረጠልኝ። አማቴ ይህን ሰምተው ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማቸው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ መጡ። "ልጅም በቀጠሮ ይወለድ ጀመር?" እያሉ፣ የገንፎ ዱቄታቸውን እንደታቀፉ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቀሩ።

እኔ በእግሬ ነው የገባሁት። ወገቤን በመርፌ አደንዝዘው ሲያስተኙኝና ደረቴ ላይ ጨርቅ ሲጋርዱብኝ ግን የአልጋውን ጠርዝ ጨምድጄ ያዝኩ። ማደንዘዣውን የሰጠኝ ወጣት ራስጌዬ ተቀምጦ፣ "ሰይድ እባላለሁ፤ እስኪያልቅ ከዚህ አልነቃነቅም። ምኑ ነው ያስፈራሽ?" አለኝ።

ያስፈራኝ ዝምታው ነበር። እኛ አገር ሴት ስትወልድ ቤት ሙሉ ሴት "ማርያም ማርያም" ይላል፤ እዚህ የሚሰማው የማሽን ድምፅ ብቻ ነው።

"ማርያምን የሚጠራልኝ ሰው የለም" አልኩት። ወዲያው ሙስሊም መሆኑ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ስር፣ "ማርያም ማርያም... ማርያም ማርያም" ይል ጀመር፤ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ። ጠርዙን ለቀቅኩ። ሆዴ ሲጎተት ይታወቀኛል፤ እኔ ግን የምሰማው እሱን ነው። እሱን እየሰማሁ ልጄ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን እዚያው ሆስፒታል ገንፎው ሲቀርብ ይህን ለአማቴ ነገርኳቸው። ከዚያ ለማንም ሳያቀምሱ፣ ቅቤው ከሞላበት በኩል ሳህን ሙሉ ቆርሰው ተነሱ።

"እማማ፣ ወዴት ነው?"

"ማርያምን የጠራ ሰው ገንፎ ሳይበላ መቅረት የለበትም። ያ ልጄ የታለ?"