ከገደሉ የመጣው ቅልጥም

(ከሰዓት በኋላ፤ በአንድ የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ በሚገኝ የአጥንት መመርመሪያ ክፍል። ገበሬው አቶ ባዘዘው በእርሳቸው አመልካችነት ፖሊስ ያስመረመረውን አጥንት ውጤት ሊሰሙ መጥተው ከዶክተር ሰናይት ፊት ተቀምጠዋል።)

ባዘዘው፦ የበሬ ነው በይኝና ልሂድ።

ሰናይት፦ ጋሼ ባዘዘው፣ ውጤቱን የምናገረው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?

ባዘዘው፦ አንቺ ነሽ። እኔ ላሳጥርልሽ ብዬ ነው። የበሬ ካልሆነ የአህያ ነው። የወንድሜ ሚስት እንጉዳይ ናት ከሆነ ቦታ ለቅማ፣ በእሱ ጃኬት ጠቅልላ ያመጣችው።

ሰናይት፦ ስትጠቀልል አይተዋታል?

ባዘዘው፦ ሰው እያየ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል?

ሰናይት፦ እንግዲያው አላዩም። ጃኬቱ ግን የወንድምዎ ነው?

ባዘዘው፦ ጃኬቱማ የወንድሜ የልንገረው ነው። የገዛሁለት እኔ ነኝ። ግን ሚስት ከገዛ ቤቷ ጃኬት ማውጣት ምን ያቅታታል?

ሰናይት፦ የጠፋ ቀን ለብሶት ወጥቷል ተብሏል።

ባዘዘው፦ ያለችው እሷ! ሁሉንም ያለችው እሷ ናት። ቆላ ገበያ ወረደ ያለችው እሷ። ከገደሉ ሥር አጥንቱን አገኘሁ ያለችው እሷ። ማንንም ሳታማክር ከል የለበሰችው እሷ። አራት ዓመት ይመጣል ስንል ኖረን፣ አንድ ቀን በገመድ ወርጄ አገኘሁት አለች። ሴት ልጅ ያን ገደል ትወርዳለች?

ሰናይት፦ ናሙናውን ያመጣው ፖሊስ መዳፏ በገመድ ተልጦ አይቻለሁ ብሎኛል።

ባዘዘው፦ አዝኖላት ነዋ። ቄሱም አዝነውላት መቃብር አስቆፍረው ነበር። እኔ ነኝ በአካፋ መልሼ የደፈንኩት።

ሰናይት፦ መቃብሩን ደፈኑት?

ባዘዘው፦ ባዶ ጉድጓድ ምን ያደርጋል? ከብት ይገባበታል።

ሰናይት፦ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ከሰሷት።

ባዘዘው፦ አመለከትኩ። ይጣራልኝ አልኩ። ይሄ ክስ ነው?

ሰናይት፦ እሷ ግን ታስራለች። ልጆቿስ የት ናቸው?

ባዘዘው፦ እኔ ቤት። ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ ይበላሉ።

ሰናይት፦ የወንድምዎን መሬትስ ማን ያርሰዋል?

ባዘዘው፦ አሃ! ወደዚያ ልትመጪ ነው ለካ። እኔ አርሰዋለሁ። እህሉ ለብቻው ጎተራ ተቀምጧል። ካላመንሽ መጥተሽ እዪ።

ሰናይት፦ ልንገረው ከሞተ መሬቱ ለሚስቱና ለልጆቹ ይሆናል። ካልሞተ ደግሞ በእርስዎ እጅ ይቆያል። ይህን አስቤ ነው።

ባዘዘው፦ ሰው ስትጠረጥሪ አታፍሪም!

ሰናይት፦ ሥራዬ ነው። እርስዎም ሲያደርጉት የዋሉት ይኸንኑ ነው። ይልቅ ወደዚህ ይምጡ። አጥንቱን ጅብ ግራና ቀኝ ስለበላው በዓይን ብቻ የምን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ በስሱ ቆርጬ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ፈግፍጌ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁት። እርስዎም ይዩት።

ባዘዘው፦ ምንም አይታይም። የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማየው።

ሰናይት፦ ትንሽ ራቅ ይበሉ። አሁንስ?

ባዘዘው፦ ግንብ። ጡብ በጡብ ላይ ተደርድሯል።

ሰናይት፦ ይህ ትናንት ከሥጋ ቤት ያመጣሁት የበሬ አጥንት ነው። ጥጃ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትልቅ ከብት ስለሚሆን አጥንቱ የሚሠራው እንዲህ በጥድፊያ ነው። አሁን ደግሞ ይህን።

ባዘዘው፦ ይሄ ክብ ክብ ነው። የተቆረጠ ሽንኩርት ይመስላል። መሐሉ ቀዳዳ አለው። ዙሪያውን ጉንዳን ወሮታል።

ሰናይት፦ ቀዳዳው የደም ሥር የሚያልፍበት ነው። ጉንዳን ያሉት፣ የአጥንቱ ሕዋሳት የሚኖሩባቸው ትናንሽ ክፍሎች ናቸው። እንደ ጉንዳን እግር የቀጠኑት መስመሮች ደግሞ ሕዋሳቱ ምግብ የሚቀባበሉባቸው ቦዮች ናቸው።

ባዘዘው፦ አጥንት ውስጥ ሕይወት አለ ነው የምትዪኝ?

ሰናይት፦ በዚህኛው ውስጥ ነበረ።

ባዘዘው፦ የማን ነው?

ሰናይት፦ እርስዎ ይመርመር ያሉት ነው።

ባዘዘው፦ ቀይረሽው ቢሆንስ? እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት አጥንት ተቆልሏል!

ሰናይት፦ ቁራጩ የተለጠፈበት መስታወት ላይ ያለው ቁጥርና እርስዎ የፈረሙበት ከረጢት ቁጥር አንድ ነው።

ባዘዘው፦ ቁጥር የሚጽፈው ሰው ነው።

ሰናይት፦ ልክ ብለዋል። እንግዲያው መስታወቱ ላይ ያለው ስስ ቁራጭ የተቆረጠበት ጉማጅ ይኸው፤ ጉማጁ የወጣበት አጥንትም ያው። በመጋዝ የተለያዩበትን እርስዎ ራስዎ ያጋጥሙት።

ባዘዘው፦ ገጥሟል።

ሰናይት፦ ሌላስ የሚያጠራጥርዎ?

ባዘዘው፦ የአህያም ክብ ክብ ሊኖረው ይችላል።

ሰናይት፦ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ነው ከሦስት ቦታ ቆርጬ የለካሁት። የክቦቹም የቀዳዳዎቹም ስፋት ከሰው ጋር ይሄዳል። ያ የጡብ ድርድር ደግሞ በአንዱም ቦታ የለም። የሰው ነው፣ ጋሼ ባዘዘው። ያደገ ሰው።

ባዘዘው፦ እሺ የሰው ይሁን። ባለፈው ወር የሞተ ሰው ቢሆንስ? ከየት እንዳመጣችው ማን ያውቃል!

ሰናይት፦ እስቲ ጆሮዎን አጠፍ ያድርጉት።

ባዘዘው፦ ምን አልሽ?

ሰናይት፦ ጆሮዎን። አጥፈው ይልቀቁት።

ባዘዘው፦ ይኸው። ተመለሰ። ቀልድ ነው የያዝሽው?

ሰናይት፦ ቀልድ አይደለም። የሚመልሰው ውስጡ ያለው ልም አጥንት ነው። የእሱ ዘመድ የሆነ ደግሞ በየመገጣጠሚያችን አለ፤ አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋጭ ያንሸራትታል። የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ሰው ሲሞት እየበሰበሰ ይሄዳል። ይህ የባለፈው ወር አጥንት ቢሆን ኖሮ ጅቡ ባስተረፋት ትንሽ ጫፍ ላይ አየው ነበር፤ እንደ ብርጭቆ የጠራ ሆኖ፣ ሕዋሳቱ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ በየጉድጓዳቸው ተቀምጠው። የለም። ከሥሩ ያለችው የጠጠረች ስስ ሽፋን ብቻ ናት የቀረችው። ይህ አጥንት ብዙ ክረምት ደጅ ከርሟል።

ባዘዘው፦ በዚያ ገደል የሚያልፈው ልንገረው ብቻ ነው እንዴ? ስንት ሰው ይወድቅበታል። ስሙ ተጽፎበታል?

ሰናይት፦ ስም አልተጻፈበትም። ግን አንድ ምልክት አለው። ወንድምዎ...

ባዘዘው፦ ተሰብሮ አያውቅም።

ሰናይት፦ ምን አሉ?

ባዘዘው፦ እግሩ ተሰብሮ አያውቅም አልኩሽ።

ሰናይት፦ እኔ ስለ ስብራት መቼ ጠየቅኩዎ?

ባዘዘው፦ አጥንት ይዘሽ ሌላ ምን ትጠይቂያለሽ! ስለ ጥርሱ?

ሰናይት፦ ፖሊሱ ሌላም ነገር ነግሮኛል። አጥንቱን ጣቢያ ውስጥ አንዴ ልየው ብለው ተቀብለውት፣ ከእጅዎ ለማስለቀቅ ተቸግረን ነበር ብሏል። ላይ ታች ይዳብሱት ነበር አለ።

ባዘዘው፦ አየሁታ። ማየት ነውር ነው?

ሰናይት፦ የበሬ አጥንት ያን ያህል ይዳበሳል? ለምን ተነሱ?

ባዘዘው፦ ወንበርሽ ይቆረቁራል።

ሰናይት፦ ቆመውም ይስሙኝ። አጥንት ሲሰበር ሰውነት መጀመሪያ ስብራቱን በልም አጥንት ያያይዘዋል። ከዚያ ያንን ያጠነክረዋል፤ ግን በጥድፊያ ስለሆነ መስመር የለውም፣ ውሉ እንደጠፋ ድር ነው። ጥድፊያው ሲያልፍ የማያስፈልገውን እየበላ፣ በቦታው ያን ያዩትን ክብ ክብ ይሠራል። ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። የዚህ አጥንት መካከል ላይ ያ ሥራ አለ፤ ከመሞቱ ብዙ ዓመት በፊት የተጠገነ፣ ከክቦቹ መሐል ግን የድሩ ርዝራዥ የቀረበት። ከውጭ ትንሽ ጉብ ያለ ነው። በዓይን አይያዝም። በጣት ግን ይገኛል።

ባዘዘው፦ ዝምድና በደም የሚታወቅበት ምርመራ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ደሜን ውሰጂ።

ሰናይት፦ እወስዳለሁ። ናሙናው ሌላ ቦታ ተልኮ እስኪመለስ ግን ወራት ይሄዳል።

ባዘዘው፦ ይሂድ። አራት ዓመት ለታገሠ ሰው ወራት ምን አላት? የልጄን ሰርግ ስንት ጊዜ አራዘምኩት፤ አጎቷ ሳይመጣ አልድርም ብዬ። አማቾቼ ሰለቹኝ። እታገሣለሁ።

ሰናይት፦ እርስዎ ይታገሣሉ። እነዚያን ወራት እስር ቤት የምትቆየው ግን እንጉዳይ ናት።

ባዘዘው፦ አታላይነቷ እስኪጣራ ትቆይ።

ሰናይት፦ አሁንማ ነገሩ ከማታለል አልፏል። የምጽፈውን ይስሙ። አጥንቱ የሰው ነው። ያደገ ሰው፣ ዓመታት ደጅ የቆየ፣ ድሮ ቅልጥሙ ተሰብሮ የዳነ። ልንገረው ግን ተሰብሮ እንደማያውቅ ታላቅ ወንድሙ ተናግሯል። ፖሊስ ይህን ሲያነብ ምን ብሎ የሚጠይቃት ይመስልዎታል?

ባዘዘው፦ ምን ብሎ?

ሰናይት፦ በባልሽ ጃኬት ጠቅልለሽ ያመጣሽው ሰው ማነው? ማን ገደለው? ባልሽስ የት ገባ?

ባዘዘው፦ እንጉዳይ ሰው አትገድልም!

ሰናይት፦ እስካሁን ምን ሲሏት ነበር?

ባዘዘው፦ ውሸታም ነው ያልኩት! ዶሮ ሲታረድ ፊቷን የምታዞር ሴት ናት። ነፍሰ ገዳይ ማን አላት?

ሰናይት፦ የእርስዎ ቃል ሊላት ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም፣ ጋሼ ባዘዘው። ወይ ወንድምዎ ተሰብሮ ያውቃል፣ ወይ እሷ ያልታወቀ ሰው ሬሳ ይዛ ተገኝታለች።

ባዘዘው፦ የልጆቹን ነገር ልንገርሽ። ማታ ከመተኛታቸው በፊት እናታችን መቼ ነው የምትመጣው ይሉኛል።

ሰናይት፦ ምን ብለው ይመልሱላቸዋል?

ባዘዘው፦ አባታችሁ ሲመጣ እላቸዋለሁ።

ሰናይት፦ እስክሪብቶዬን ይዣለሁ። ተሰብሮ አያውቅም ብዬ ልጻፍ?

ባዘዘው፦ ቆይ።

ሰናይት፦ ፖሊሱ ውጭ ቆሟል። ምን ልጻፍ?

ባዘዘው፦ ተሰብሯል በይ፤ እሷንም ይፍቷት። ግራ እግሩ ነው። ልጅ ሳለ ከዋርካ ላይ ወድቆ። ወጌሻው ሲያሸው እንዳይጮህ እጄን አስነከስኩት። ይኸው ጠባሳው፣ እዪው፤ ይሄ የማን ጥርስ ነው?