የእኔ ድምፅ የሌለበት ቪዲዮ

ዚነትዬ፣ ቀሚሱን እየለካሽ ሳለ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይዤው የምዞር ጥያቄ ነው። እኔ አፌን ስከፍት ሰው ሁሉ «ምን አልሽ?» የሚለኝ ለምንድን ነው?

...አየሽ፣ አንቺም አልሽ።

ግዴለም፣ ለምጄዋለሁ። ጠጋ ልበልልሽ። ጥያቄው ይቆየን፣ ቀሚሱን ከታች አሳጥሪልኝ። ወገቡን አትንኪው፣ ደህና ነው። ከታች ብቻ፣ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ይበል። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ጋ ዛፉም ጥላ መስጠት ሰልችቶታል።

ማሽኗ አዲስ ናት እንዴ? ማሻ አላህ። በኤሌክትሪክ የምትሠራ... እግርም አትፈልግ። የድሮዋን ስትረግጫት ድምፅዋ ጎብዬ ድረስ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። ይህቺ ዝም ያለች ናት፣ እኔን ትመስላለች። አንድ ሰው ለእህቱ ማሽን ገዛላት ሲባል ሰምቼ ነበር። የትኛዋ እህት እንደሆነች አልጠየቅኩም። ቆቦ ውስጥ ስንት እህት አለ መሰለሽ... ምነው፣ መርፌዋ ወጋችሽ? ቀስ በይ እንጂ። እኔ ስለዚያ ሰው ክፉ አልናገርም፣ ስሙንም አልጠራ። ስም መጥራት በነፃ ማስታወቂያ መሥራት ነው ብሎ በሥልጠናው ያስተምራል አሉ። እኔ ደግሞ የተማርኩትን አልረሳም።

የላክሽልኝ መጥሪያ ደርሶኛል። «ትኩረት ሀብት ነው» ይላል፣ በወርቃማ ፊደል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ተከታይ አብዝተው ሀብት የሚገነቡበት ሥልጠና። ነፃ ወንበር ተይዞልኛል አሉ፣ ያውም ከፊት። አላህ ይስጠው። እኔን ከፊት የሚያስቀምጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጥናቴን ሳቀርብ መምህራችን መጀመሪያ መስኮቱን አዘጉ፣ ቀጥለው በሩን፣ በመጨረሻ «ጽፈሽ አምጪው» አሉኝ። ጽፌ አመጣሁ። ይኸው እስካሁን እየጻፍኩ ነው። ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሥነ ጽሑፍ ተምሬ የለ? ነጠላ ሰረዙ አንድም አይዛነፍብኝም።

ስለ መጻሕፍት የማወራበት ቻናል እንዳለኝስ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ማንም አያውቅም። ተከታዮቼ ዘመዶቼ ናቸው፤ አንዷ ደግሞ እኔው ነኝ፣ በሌላኛው ስልኬ። አስተያየት የሰጠኝ አንድ ሰው ነው። «ስልኬ ተበላሽቶ ነው ወይስ ድምፅ የለውም?» ብሎ ጻፈ። መልስ ስጽፍለት ስንት ጊዜ እንዳረምኩት አትጠይቂኝ። ከዚያ ያ ስሙን የማልጠራው ሰው በገጹ ላይ የሰጠውን ምክር ሞከርኩ፤ «በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ተመልካቹን ያዙት» የሚለውን። እኔ ሴኮንዶቹን ጉሮሮዬን ስጠርግ ጨረስኳቸው። ተመልካቹ ሄደ። አልፈርድበትም፣ እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ያ መካሪዬ ግን የተሰጠው ልጅ ነው። ያንን ቀን ታስታውሺው የለ? አንቺ እዚህ ሱቅ ነበርሽ፣ ግን በስልክ ሳታይው አትቀሪም። ከተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ ማሽላው ውሃ ጠምቶት ቅጠሉን ጠቅልሏል። የእኛን ሰፈር ሥርዓት አንቺም ተወልደሽበታል። ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ፣ የሆርማት ወንዝ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። ቀድሞ ያየው «ውሃ መጣ» ብሎ ይጣራል። የሰማ ሁሉ ጥሪውን ተቀብሎ እየጮኸ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፣ አካፋውንም ይዞ ወደ ቦዩ ይሮጣል። በጭራሮና በአፈር ቶሎ ጠልፈን ወደ እርሻው ካልመለስነው ጎርፉ አልፎን አፋር በረሃ ይገባል። በዚህ ጥሪ የቀለደ ሰው አልነበረም። ለምን እንደሆነ እንጃ... የሚቀርጽ ስልክ ስላልነበረ ይሆናል።

ያ የተባረከ ልጅ ስልኩን እንጨት ላይ አስሮ፣ ላይቭ ገብቶ፣ «ውሃ መጣ» አለ። እንዴት ያለ ድምፅ አለው መሰለሽ። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉን የውሃ አባታችን ጋሽ ፈንታው ምሳቸውን ትተው ወጡ፣ ጥሪውን ተቀብለው ሰፈሩን አናወጡት። አባቴ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ሮጠ። ሴቶቹ ሻሻቸውን እያሰሩ ሮጡ። እኔም ሮጥኩ፣ እንደ ሥርዓቱም ጮህኩ። ከጎኔ የምትሮጠው ጎረቤታችን ሙሉ ዞር ብላ «ምን አልሽ?» አለችኝ። ስንደርስ ወንዙ ደረቅ ነው። እሱ አሸዋው ላይ ቆሞ ይስቃል። ፕራንክ ነው አለን። አባቴ ፕራንክ የሚባል አዲስ የግብርና ባለሙያ የተመደበልን መስሎት «ታዲያ ሰውየው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ይህቺ ደግሞ ከሁሉ በላይ ታየች።

ሥራውን ግን አድንቂለት እንጂ። ሳዑዲ ያሉት ልጆቻችን አባቶቻቸው አካፋ ይዘው ሲሮጡ ሲያዩ ጊዜ በሳቅም በናፍቆትም ፈረሱ። ሮዝ ላኩ፣ አንበሳ ላኩ። ላይቭ ላይ የተላከ አንበሳ ብር ይሆናል አሉ። እኛ የሮጥነው ግን በነፃ ነው። ደግነቱ ደግሞ፣ ለጋሽ ፈንታው አዲስ አካፋ ገዛላቸው፤ ሲሰጣቸውም ቀረጸው። ከዚያ ባጃጁ መጣ፣ ቀጥሎ የቤት መሥሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ ዝም የምትል ማሽን... ለዚያች ለማላውቃት እህቱ።

የዚያን ቪዲዮ ድምፅ የማይጠቀምበትም የለም። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ልጅ ሲወድቅ፣ ፍየል ስታመልጥ፣ ሚኒባስ ሲበላሽ፣ ቪዲዮው ላይ የሚገባው ያ የእኛ ጥሪ ነው። ሰፈራችን እንዲህ ታዋቂ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ያ ማክሰኞ የሆነው የእሱ ጥፋት አይደለም። የእኔ ነው። ከሥራ ገብቼ ጋደም ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። «ውሃ መጣ» የሚል ሰማሁ። የጋሽ ፈንታው ድምፅ ነው። እሳቸው ደግሞ ቪዲዮው ላይ ዋናው ሰው ናቸው። ታዲያ ምን አደረግኩ? የስልኬን ድምፅ ቀነስኩ። ጥሪው አልቀነሰም። እንደገና ቀነስኩት... መማር ጥሩ ነው፣ ዚነትዬ። ያልተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ተነስቶ በሩን ይከፍት ነበር።

እኔ ብቻ ብሆን ምን ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው ሆነ። ገሚሱ የጎረቤት ስልክ መሰለው፣ ገሚሱ ደግሞ አካፋ ይዞ ዳግም መሳቂያ ላለመሆን ቤቱ ተቀመጠ። ጋሽ ፈንታው በዚያ በስጦታው አካፋ ብቻቸውን ታገሉ። አንድ ሰው ሆርማትን ይጠልፋል? ያን ጊዜ ደግሞ የሚቀርጽ አልነበረም። ውሃው አንድ ማሳ ሳይነካ አፋር ገባ።

የአባቴን ማሽላ አሁን ብታይው ቁመቱ ያምራል። ለመጥረጊያ ይሆናል። እሱ እርሻው ዳር ተቀምጦ ወደ ተራራው ያያል። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ውሃ ከደረሰለት ዘግይቶ የተዘራው ፍሬ ይይዛል ይላል። አንድ ውሃ። እሱም ካለፈ ዓመቱን ሙሉ እህል ሸማች ነን፣ ያውም እኔ ማመልከቻ ጽፌ በማገኛት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቦዩ ዳር ተሰበሰበ። ከእንግዲህ ማን ይጥራ? የማንስ ድምፅ ይታመናል? ቪዲዮው ተከፍቶ እንደገና ተሰማ። የጋሽ ፈንታው ድምፅ አለ፣ የአባቴ አለ፣ የሙሉ አለ፣ ጥሪ የተቀበለ ሁሉ አለ። ከእነዚህ ማን ቢጣራ ሰው «ስልክ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ደጋግመው ሰሙት። የሌለው የእኔ ብቻ ነው። ጮኼ ነበር እኮ፣ ወላሂ። ጋሽ ፈንታው አየት አደረጉኝና «ልጄ ፈሪሀ፣ ስልክ ያልነካው ድምፅ ያንቺ ብቻ ነው» አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም። ያ የአንደኛ ክፍል ጥያቄ እዚያ ቦይ ዳር ተመለሰልኝ።

እሺ አልኳቸው። «ምን አልሽ?» አሉ። እሺ አልኩ።

ቀሚሱን የማሳጥረው ለዚህ ነው። ድምፄ ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ እኔው ተሸክሜው እሮጣለሁ፣ ከደጅ ደጅ፣ በር እያንኳኳሁ። ሥልጠናው ቅዳሜ ነው አይደል? አልመጣም። ተራራው ላይ ደመና እስካለ ድረስ ወንዙ ዳር ነኝ፣ መጽሐፌንም እይዛለሁ። ከኮፒ ቤቱም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ባለቤቱ «ምን አልሽ?» አለኝ፤ ፈቅዷል ብዬ ወሰድኩት። የፊት ወንበሬን ድምፅ ላለው ሰው ይስጥልኝ።

በቃ፣ እዚያ ላይ ቁረጪው፣ አብሽሪ፣ አያጥርም። ለዚያ ሰው ግን ምርቃቴን አድርሺልኝ። አንቺ ባታውቂውም የሚያውቀው አይጠፋም። አላህ ተከታዩን እንደ ሆርማት አሸዋ ያብዛለት። የሚያየው ዓይን አይጉደልበት። እንዲያው አላህ አይበለውና፣ አንድ ቀን ክፉ ነገር ደጁ ደርሶ «ድረሱልኝ» ብሎ ቢጣራ፣ ያ ሁሉ ሰው ይስማው። አንድም ሳይቀር፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ እስከ መጨረሻው ይመልከተው። ልብም ይላክለት፣ አንበሳም ይላክለት።

አሚን በይ እንጂ፣ ዚነትዬ።