ከቃሬዛው ኋላ የሄደው ሞተር

በእኛ ጊዜ ሞተር እንዲህ እንዳሁኑ በየደጁ የቆመ ይመስላችኋል? አሁንማ ሦስት ሆነው፣ ፍየልም ጨምረው ሲያልፉ አያለሁ! በእኛ ጊዜ ከሮቢት በታች ባለው ቆላ ሞተር ይዞ የሚመጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የከብት ሐኪሙ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ቀጭን ልጅ፣ ስሙን ትተን ጎጃሜው ነበር የምንለው። ታዲያ ጉድ ነበር እኮ! ፀሐይ አናት ላይ ቆማ መብራቱን ያበራል፣ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ከሸሚዙ ላይ ይደርባል፣ ሄልሜቱን እንደ ድስት ይደፋል፣ እና ይህን ሁሉ በቆቦ ሙቀት! እኔም አላርፍ፣ "ወንድሜ፣ በቀን በመብራት የምትፈልገው ምን ጠፍቶህ ነው?" እለዋለሁ። "እኔ ላይበት አይደለም ጋሽ ሞላ፣ ሰው እንዲያየኝ ነው" ይለኛል። እስቃለሁ። አንተን ያላየ ማን አለ ብዬ!

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ማሽላው ሰው ውጦ በሚያስቀርበት ወራት፣ ልጄን አበቡን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። ቀኑን ሙሉ አማጠች፣ እና አልሆነም። አምቡላንስ የለ፣ ስልክ የለ። ቅሬው ተጠራ፤ ቅሬ መቼም ታውቃላችሁ፣ ስትሞት ቀባሪህ፣ ስትታመም ተሸካሚህ ነው። ቃሬዛ ታሰረ፣ አራት አራት እየሆንን፣ እየተቀያየርን ወደ ቆቦ ጤና ጣቢያ ወጣን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ገብታለች፣ አውቶቡስ የለም። ነፋሱ ደግሞ አቧራውን አስነሥቶታል፤ የራያ አቧራ ከፊትህ ያለውን ሰው አያሳይህም።

እና ጎጃሜው ከቆቦ መጣ፣ ጎብዬ ወዳለው ቤቱ ሊሄድ። ቃሬዛ አይቶ የሚያልፍ ሰው የለምና ቆመ፣ ወረደ፣ "ትከሻዬን ልስጥ" አለ። ባለቤቴ ዘነበች ግን ያየችው ሞተሩን ነው። ሰደርያውን ጨምድዳ ይዛ፣

"የኔ ጌታ፣ በማርያም! አንተ ከፊት፣ እሷ ከመሀል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እይዛታለሁ፣ አድርሰን!"

"አይሆንም እናቴ። ሞተር የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፣ ሕጉም እንደዚያው ነው።"

"ልጄ እየሞተችብኝ ሕግ ትለኛለህ?"

"እንዳትሞት ብዬ ነው። ምጡ ሲነሣባት ትለቀኛለች፣ እርስዎም አይችሏትም፤ ሦስታችንም አስፋልቱ ላይ ነው የምንቀረው።"

"እንግዲያ ተመለስና መኪና አምጣ!"

"ብሄድ መኪና ማግኘቴን አላውቅም እናቴ። ትቻችሁ ብሄድ ግን ከኋላ የሚመጣው መኪና እንደማያያችሁ አውቃለሁ።"

ዘነበች እርግማኑን አወረደችበት፣ "አንጀት የሌለህ! እናት ያልወለደችህ!" እያለች። እሱ ግን እኛን ማዘዝ ጀመረ፣ እኔን የቅሬውን ዳኛ! "ጥቁር ብርድ ልብስ የለበሰ ወደ ፊት! ነጭ ጋቢ ያለው ወደ ኋላ! ከአስፋልቱ ውረዱ፣ ዳር ዳሩን በጠጠሩ ሂዱ!" "እሾህ አለ እኮ" ስለው፣ "እሾህ ይነቀላል ጋሽ ሞላ" አለኝ። ከዚያ ሞተሩን ወደ መጣበት አዞረና ራቅ ብሎ ከኋላችን ሆነ፣ በእግራችን ልክ እየተጎተተ፣ ፍሬኑን እየነካ ቀዩን መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ።

ሄድን። ልጅቷ ታቃስታለች፣ እናቷ "ማርያም ማርያም" ትላለች። እና ከኋላችን፣ ከወልድያ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ መጣ፣ አቧራው ውስጥ፣ እየበረረ። ጥሩምባው! የፍሬኑ ጩኸት! ቃሬዛውን አጥብቀን ያዝን። ዞር ስል መኪናው ከሞተሩ ጥቂት ክንድ ላይ ቆሟል። ጎጃሜው እዚያው ሞተሩ ላይ ነው፤ አልሸሸም።

ሾፌሩ የመቀሌ ሰው ነው፣ እየተሳደበ ወረደ። "ምን አባህ ትጎተታለ..." ሲል ቃሬዛውን አየ። "ዋይ ኣነ!" ብሎ ራሱን ያዘ። "ይህን ቀይ መብራት ባላይ እኮ... እናንተን አላየኋችሁም! በእግዜር፣ አንዳችሁንም አላየሁም!" ጋቢናውን ከፍቶ አበቡንና እናቷን አስገባ፣ እኛ ጭነቱ ላይ ወጣን። ቆቦ ጤና ጣቢያ አዋላጇ ተቀበለችን፣ እና ልጄ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ! ተመስገን፣ ዛሬም ተመስገን። ጎጃሜውን ላመሰግን ብፈልገው የለም፤ ለካ መኪናው እንደጫነን ዞሮ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ታዲያ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ፣ "ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ የቅሬያችን ሰው ነው" አልኩ። አንዱ ነገረኛ ተነሣና፣ "ጋሽ ሞላ፣ ሥርዓት አለን እኮ! ትከሻውን ቃሬዛ ሥር ያላገባ እንዴት ተሸካሚ ይባላል?" አለ። ደሜ ፈላ። "ስማ! አንተ የት ነበርክ? ከፊት። እኔስ? ከመሀል። ያ መኪና ባይቆም መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነበር? የሰው አገር ሰውን! ልጄን በነፍሱ የተሸከማት እሱ ነው" አልኩት። ከዚያ "ይሁን፣ ይሁን" ተባለ። ለእሱ ብንነግረው ሳቀና፣ "የቅሬ ሕግ ከትራፊክ ሕግ ይጠነክራል ወይ?" አለን። ቀልድ መስሎት ነው።

ኋላ አባቱ አገሩ ላይ ሞቱ። መርዶውን የሰማን ለት ቅሬው በሙሉ ተነሥቶ ጎብዬ ሄደ፣ ድንኳን ይዞ፣ ሴቶቹ እንጀራና ወጥ ተሸክመው። ደጁ ስንደርስ ዝግ ነው። ብናንኳኳ ዓይኑ አብጦ ወጣ፣ ድንኳኑንም እኛንም አየ። "እኔ... እዚህ ሰው የለኝም ብዬ፣ በሬን ዘግቼ..." አለ።

ዘነበች ናት እቅፍ ያደረገችው። "በር ዘግቶ የሚያለቅስ እኮ ቅሬ የሌለው ነው፣ ልጄ!" አለችው።

እና በሩን ከፈትነው፣ ድንኳኑንም እኛ ተከልነው።